ከጎንደር ወደ ኮላ ድባ፤ የመኪና መሪና የባሌስትራ መሣሪያ ስለ መምረጥ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ጎርጎራ የሚወርድ መንገደኛ፥ አዘዞ ላይ ከባሕር ዳሩ ጎዳና ተለይቶ ጥቂት እንደ ሄደ የደምቢያ ሜዳ በፊቱ ወለል ብሎ ይታየዋል። ተራራው ሁሉ ወደ ኋላው ይቀራል፤ በፊቱም የመገጭና የድርማ ወንዞች ወደ ጣና ባሕር የሚወርዱበት ሰፊ የእህል አገር ይዘረጋል። ከጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮላ ድባ የዚህ ሜዳ ዋና ከተማ ናት። ያን ጊዜ ከሰሜን ጎንደር ዞን ትቆጠር ነበር፤ ዛሬ ግን የማዕከላዊ ጎንደር ናት። አንዳንድ ሰው ስሟን በ«ቆ» አድርጎ ቆላ ድባ ብሎ ይጽፋል፤ ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች፥ ቆላነቷ ከጎንደር ደጋ ለወረደ ሰው ካልሆነ በቀር እምብዛም አይሰማም።

እኔ በጥር ወር 2006 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ካለፈ በሳምንቱ ወደዚያ የወረድሁት አገር ለማየት አልነበረም። የእኅቴ ልጅ በሙያ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ተምሮ ወደ አገሩ ተመልሶ ነበርና፥ አባቱ አንድ በሬ ሸጦ «በዚህ ገንዘብ መሣሪያ ግዛና ሥራህን ጀምር» ብሎ ሰጠው። ልጁም ገንዘቡን በእጁ እንደ ያዘ «ጋሼ፥ አንዳች ነገር ሳልገዛ በፊት ይምጡና ይምከሩኝ» ብሎ ላከብኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ነገር ግን ብዙ ዘመን የጭነት መኪና የነዳሁ ሰው ነኝና፥ በክፉ መሣሪያ የተሠራ ሥራ ምን እንደሚያደርስ በራሴ ላይ ደርሶ አውቀዋለሁ።

የደምቢያ አፈር ጥቁር ነው፤ የአገሩ ሰው ዋልካ ይለዋል። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋም ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ የሰው ክንድ ያስገባል። ጤፍና ሽምብራ፥ ጓያና ኑግ የሚያበቅል ለጋስ አፈር ነው፤ በዚያ ሰሞንም ሽምብራው እየተነቀለ ገበሬው ከነቤተ ሰቡ በየማሳው ወጥቶ ይታይ ነበር። ለመንገድ ግን ክፉ ነው። መሬቱ በየዓመቱ ሲያብጥና ሲጨማደድ ከላዩ የተደለደለው ጠጠር ይናጋል፤ ያን ጊዜ በጠጠር ብቻ የተሠራው የአዘዞና የጎርጎራ መንገድም በጉድጓድ የተሞላ ነበር። ጎማ ከጉድጓድ ሲገባ የሚመታው ጎማው ብቻ አይደለም። ምቱ ከጎማው ወደ ያዘው ክንድ፥ ከክንዱም ወደ ባሌስትራው ያልፋል፤ በመሪው ዘንግ በኩልም እስከ ነጂው መዳፍ ይወጣል። የክረምቱ ጭቃ ደግሞ በበጋ ደቃቅ አቧራ ሆኖ፥ የመጋጠሚያዎቹ የላስቲክ ሽፋን በተቀደደበት ይገባና ውስጥ ያለውን ግራሶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሞርድ ያደርገዋል። በደምቢያ መንገድ የሚመላለስ መኪና ሞተሩ ሳያረጅ እግሩ የሚያረጀው ስለዚህ ነው።

ስለ መኪና እምብዛም ለማያውቁት አንባቢዎቻችን ጥቂት ላስረዳ። የመኪና የፊት ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች እየዘለለ፥ ደግሞም ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዞር ስላለበት፥ የተያዘበት መጋጠሚያ እንደ በር ማጠፊያ በአንድ ወገን ብቻ የሚታጠፍ ሊሆን አይችልም። እንደ ሰው የጭን አጥንት ራሱ ድብልብል ሆኖ በጽዋ ውስጥ የሚሽከረከር መሆን አለበት። ይህን መካኒኮቻችን ቴስቲና ይሉታል። ከድብልብሉ የሚወጣው እግሩ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ነው፤ በዚያው ልክ በተበሳ ቀዳዳ ገብቶ በዳዶ ሲጠበቅ እንደ ሽብልቅ ነክሶ ይይዛል። ዳዶውም በመንገድ መናወጥ ተፈትቶ እንዳይወድቅ በእግሩ ጫፍ ባለው ቀዳዳ ቀጭን የብረት መቆለፊያ ያልፍና ጫፉ ይታጠፋል። እንግዲህ ቴስቲናው ሲያረጅና ሲላላ ዳዶውን መፍታት ብቻ አያወጣውም፤ ዳዶው ተፈትቶም ነክሶ ይቀራል። ያን ጊዜ ሰው ወይ መዶሻ ያነሣል፥ ወይ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነቃይ ያመጣል።

በ1987 ዓ.ም. ከመተማ ሰሊጥ ጭኜ በጭልጋ በኩል ወደ ጎንደር እመጣ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ የቀኙን የመሪ ቴስቲና ለውጦልኝ ነበር። ሠራተኛው አሮጌውን ለማውጣት ትልቅ መዶሻ አንሥቶ ሲቀጠቅጥ አይቼ ዝም አልሁ። የቀዳዳው ከንፈር በምቱ ተጨፍልቆ ስለ ነበረ የአዲሱ ቴስቲና እግር እስከ ልኩ አልገባም፤ በመቆለፊያውም ፈንታ ሚስማር አጥፎ አገባበት፤ ይህንም አይቼ ዝም አልሁ፤ ለመሄድ እቸኩል ነበርና። የጭልጋን ዳገት በሰላም ወጥቼ ወደ አዘዞ ስቃረብ፥ በሜዳ ላይ፥ መሪው በእጄ ቀለለ። የግራው ጎማ ሲታዘዘኝ የቀኙ ወደ ወደደው ሄደ። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ጤፍ ከታጨደበት ማሳ ገብቶ ተጋደመ። እኔ ግንባሬን ብቻ ተጫርሁ፤ ረዳቴ ግን ክንዱ ተሰበረ፤ ከዚያም በኋላ እንደ ቀድሞው ቀጥ ብሎ አልተዘረጋለትም። ነገሩ በጭልጋ ቍልቍለት ላይ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው ባልኖረም ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በዚያ ሠራተኛ ላይ አልጥለውም፤ ሁለት ጊዜ አይቼ ሁለት ጊዜ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ።

ኮላ ድባ የደረስሁት ከቀትር በኋላ ነበር። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ ቤቶች ተሰልፈዋል፤ ሰማያዊ ባጃጆች ጭድ በተጫኑ አህዮች መካከል እየተሹለከለኩ ያልፋሉ፤ በየእህል መደብሩም ደጅ የሽምብራ ጆንያ ተደርድሮ ነበር። የእኅቴ ልጅ የተከራየው ቤት ከመንገዱ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ በፊቷ ሁለት መኪና የሚያስቆም ግቢ አላት፤ ወለሉ ግን ያው ጥቁር አፈር ነው። ልጁ በደጁ ቆሞ ሲቀበለኝ ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር። ገና ሳንቀመጥ «ጋሼ፥ በጎንደር አንድ ሣጥን አይቻለሁ፤ ከመቶ የሚበልጥ መፍቻ አለበት፤ ሁሉም እንደ መስተዋት ያበራል፤ ገንዘቡም ልክ ይበቃዋል» አለኝ።

«ከመቶው ውስጥ በአንድ ወር የምትነካው ስንቱን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። አስቦ «ምናልባት አሥራ አምስቱን» አለ። እውነተኛ ልጅ ነው።

በዚያ ማታ እኅቴ ስለ እንግድነቴ ዶሮ አርዳ ነበር። እኛ ስለ ቴስቲናና ስለ መዶሻ ስንከራከር ከጓዳ ሆና ትሰማን ኖሯል፤ መሶቡን ይዛ ስትገባ «ይህማ የዶሮ ብልት ማውጣት ማለት ነው» አለች። «አሥራ ሁለቱን ብልት የማወጣው መጋጠሚያውን በጣቴ ፈልጌ፥ በዚያ ላይ ስለት አሳርፌ ነው። በመጥረቢያ ብመታውማ አጥንቱ ተሰባብሮ ወጡን የሚበላ ሰው ጥርሱን ይሰብራል።» ቀጥላም ወደ እኔ ዞረችና «ወንድምዓለም፥ እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነገር ነው። ይህ ልጅ ከመኪና ሥር ሲገባ መኪናውን ይዞለት የሚቆየው ምንድን ነው?» አለችኝ።

ልጁ ከእኔ ቀድሞ «ክሪክ አለ፥ እማዬ» አላት።

«ክሪኩ ቢንሸራተትስ?»

«ድንጋይ እናስደግፋለን።»

እኅቴ መልስ አልሰጠችም፤ እንጀራውን አጠፍ አድርጋ ለባሏ አቀረበችለት። ባሏም ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ «በሬውን የሸጥሁት ለድንጋይ አይደለም» አለ እንጂ ሌላ አልጨመረም። በዚህ ዓይነት ከሚገዛው ዕቃ ሁሉ የመጀመሪያው የትኛው እንደሚሆን ተቈረጠ። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የማስበው ስለ ነቃዩ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ በእኅቴ ጥያቄ አፍሬያለሁ።

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበርና ልጁን ይዤ በመንገዱ ዳር ባለ ሻይ ቤት ተቀመጥሁ። «መሣሪያ የሚመረጠው ከሱቅ መስኮት ሳይሆን ከዚህ ነው፤ የሚያልፈውን መኪና ቍጠር» አልሁት። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ያለፈው ባጃጅ ከሁሉ በለጠ፤ ቀጥሎ የቶዮታ ሚኒባስ፥ ከዚያም እህል የሚጭነው አይሱዙ፤ ጥቂት ላንድ ክሩዘሮችም አለፉ፤ ትናንሽ የቤት መኪናዎች ግን በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ይህ ቍጥር ለሚያስተውለው ሰው ራሱ ይናገራል። አይሱዙው በፊትም በኋላም በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው፤ የፊት ጎማው የሚዞረውም በቴስቲና ሳይሆን ፔርኖ በሚባል ወፍራም የብረት ምሰሶ ላይ ነው። ሚኒባሱ በኋላው ባሌስትራ አለው፤ በፊቱ ግን ሞላ የለውም፤ በሞላው ፈንታ የሚጠማዘዝ ረጅም የብረት ዘንግ ክብደቱን ይሸከማል። ከጎማው በላይ የተጠቀለለ ሞላ ቆሞ የሚታየው በትናንሾቹ የቤት መኪናዎች ነው፤ ይህም በአሜሪካዊው መሐንዲስ በማክፈርሰን ስም የሚጠራው፥ ከ1950 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ በዓለም የተስፋፋው አሠራር ነው። እንግዲህ በኮላ ድባ ለሚሠራ ሰው የሞላ መጨመቂያ የሚባለው መሣሪያ ከመጨረሻው ተራ የሚገባ ሲሆን፥ በአዲስ አበባ ቢሆን ከፊተኛው ተራ ይሰለፍ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሁለታችን ወደ ጎንደር ተመለስን፤ ፒያሳ አጠገብ አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ መካኒክ አሉና እርሳቸውን ይዘን ወደ ሱቅ ለመሄድ ነበር። እኒህ ሰው በእጃቸው የነኩትን ብረት ሁሉ በጣሊያንኛ ስም ይጠሩታል፤ ልጁ በትምህርት ቤት ሁሉንም በእንግሊዝኛ ስለ ተማረው ሁለቱ ለመግባባት ጥቂት ተቸግረው ነበር። ነገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ጣሊያን ከመጋቢት 1928 ዓ.ም. እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ድረስ ጎንደርን ይዞ በቆየበት ጊዜ ከአሥመራ በልማሊሞ አድርጎ የመኪና መንገድ አውጥቶ ነበር፤ ሠራዊቱ ተሸንፎ እጁን ሲሰጥ ባሌስትራውና ፍሪሲዮኑ፥ ካቻቢቴውና ኩሽኔታው በአፋችን ቀሩ። ከዚያም በፊት ቢሆን ከባድ ነገር በመንኰራኵር መጐተት ለዚህ አገር እንግዳ አልነበረም፤ የቋራው ልጅ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እያስጠረጉ አስጐትተውታል።

በሱቁ ውስጥ ሽማግሌው በመጀመሪያ ያስወጡት ካባሌቶ የሚባለውን፥ እንደ በርጩማ በእግሩ የሚቆመውን የብረት ድጋፍ ነው። ሁለት ጥንድ አስመጡ፤ ብየዳውን በጥፍራቸው እየዳሰሱ አዩ፤ ከፍታውን የሚይዘውን ጥርስ እየከፈቱና እየዘጉ ሞከሩ፤ አንዱን ጥንድ «ይህ ለአልጋ እግር ይሆናል» ብለው መለሱት። ከዚያም ወደ ልጁ ዞረው «ወለልህ ምንድን ነው?» አሉት። «ዋልካ ነው» አላቸው። «እንግዲያውስ ከያንዳንዱ እግር በታች ወፍራም ሰፊ ጣውላ ትዘረጋለህ፤ ካባሌቶው ቀጭን እግሩን በዋልካ ላይ ቢያሳርፍ እንደ ችካል ይሰምጣል። ክሪኩም እንደዚሁ ነው» አሉት። ይህን እኔ አላሰብሁትም ነበር፤ የሱቁ ባለቤትም አላሰበውም።

የቴስቲና ማውጫ ሲጠየቅ ባለ ሱቁ ሁለት ዓይነት አመጣ። አንደኛው ሁለት ጣት ያለው ሽብልቅ ነው፤ በቴስቲናውና በክንዱ መካከል ገብቶ በመዶሻ ሲመታ ያላቅቃል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የላስቲክ ሽፋኑን ሳይቀድ አይወጣም፤ ስለዚህ ለሚጣል ቴስቲና እንጂ ተመልሶ ለሚገጠም አይሆንም። ሁለተኛው በመንጋጋው ክንዱን ይዞ በብሎን የቴስቲናውን እግር ጫፍ ቀስ በቀስ የሚገፋ ነቃይ ነው። ይህ ላስቲኩን አይነካም፤ ቀዳዳውንም አያበላሽም። ሽማግሌው ነቃዩን ወደ ብርሃን አውጥተው የብሎኑን ጥርስ መረመሩ፤ ጥርሱ ደቃቅ ከሆነ በትንሽ ጉልበት ብዙ ይገፋል፤ መንጋጋውም በእሳት ተቀጥቅጦ የተሠራ እንጂ በቅርጽ ፈሶ የወጣ መሆን የለበትም፤ ፈሶ የወጣው ሳያስጠነቅቅ ይሰበራልና። በሥራም ጊዜ ዳዶውን ፈጽሞ አውጥቶ መጣል አይገባም፤ በጥቂት ጥርስ ላይ እንዲቀር ይደረጋል፤ ነቃዩ ሲጠነክር መጋጠሚያው እንደ ጥይት ጮኾ ሲላቀቅ ክንዱ ከሰው ላይ እንዳይወድቅ የሚይዘው እርሱ ነው።

ዳዶውን እንደ ቆብ የሚሸፍነው ቡሶላም የራሱ ምርጫ አለው። ውስጡ ስድስት ማዕዘን ያለውና ዐሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው አለ፤ ዐሥራ ሁለቱ ቶሎ ይገጥማል፤ ዝገት ይዞት እንቢ ያለውን ዳዶ ግን ጠርዙን እየላጠ ያከብበዋል። ስለዚህ ሽማግሌው ከሚያብረቀርቀው ሣጥን ፈንታ ባለ ስድስት ማዕዘኑን በቍጥር እየመረጡ፥ ለአይሱዙና ለሚኒባሱ የሚያስፈልገውን ብቻ አስለዩ። ልጁ ሣጥኑን በዐይኑ ሲከተል አይቼዋለሁ፤ ወጣት ነውና አልፈርድበትም።

ብዙ ገንዘብ የወሰደው ባለ ልክ መፍቻው ነው፤ መካኒኮች ቶርክ ይሉታል። እኔም እንደ ብዙ ነጂዎች «ጉልበት ያለው ሰው በቂ ነው» እል ነበር። ሽማግሌው እንዲህ አስረዱኝ። አንድ ሜትር በሚረዝም ዘንግ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ቢንጠለጠል፥ በዳዶው ላይ የሚያርፈው መጠምዘዣ ኃይል ወደ 100 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ይህም የብዙ ትናንሽ መኪናዎች የጎማ ዳዶ የሚጠበቅበት ልክ ነው። ከልኩ ያነሰ ይፈታል፤ ከልኩ ያለፈ ብሎኑን ስቦ ያዳክመውና ሌላ ቀን በመንገድ ላይ ይበጥሰዋል፤ ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። «ጉልበት በጧትና በማታ አንድ አይደለም፤ በጾምና በፍስክም አንድ አይደለም» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ግን እውነታቸውን ነው።

ገንዘቡ እዚህ ላይ አለቀ። የላስቲክ ጎሚኒዎችን ከብራቾው ቀዳዳ የሚገፋውና የሚያስገባው መግፊያ ሳይገዛ ቀረ። ይህ መሣሪያ በሌለበት ብዙ ሰው ጎሚኒውን በእሳት አቃጥሎ ያወጣዋል፤ ሽታው መንደሩን ያውካል፤ ብረቱም ይጎዳል። የሞላ መጨመቂያውም አልተገዛም፤ ስለ እርሱ ግን ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ። የታመቀ ሞላ ሰው የሚገድል ኃይል በውስጡ ይዟል፤ በሽቦና በገመድ አስሮ የላይኛውን ዳዶ የሚፈታ ሰው በራሱ ላይ እየቀለደ ነው። መጨመቂያ የሌለው መካኒክ ያን ሥራ «አልችልም» ብሎ ይመልስ እንጂ በጥበብ እወጣዋለሁ አይበል አሉ።

የመጀመሪያው ሥራ በኮላ ድባና በጎንደር መካከል የሚመላለስ አንድ ሚኒባስ ነበር። ባለቤቱ «መሪው ይንቀጠቀጣል» አለ። ልጁ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፥ ካባሌቶዎቹን በጣውላ ላይ አቁሞ፥ በትከሻው ገፋ አድርጎ እንደማይነቃነቅ ካረጋገጠ በኋላ ጎማውን በሁለት እጁ ግራና ቀኙን ይዞ ነቀነቀው፤ ተንኳኳ። ቀጥሎ ላይና ታቹን ይዞ ነቀነቀው፤ ዝም አለ። ይህን ማንኛውም ባለ መኪና በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ምርመራ ነው፤ ግራና ቀኝ ሲያዝ የሚንኳኳ ብዙ ጊዜ ከመሪው ወገን ነው፤ ላይና ታች ሲያዝ የሚንኳኳ ደግሞ ጎማውን ከሚይዘው ቴስቲና ወይም ከኩሽኔታው ነው። እንግዲህ የተበላው የመሪ ዘንግ ቴስቲና መሆኑ ታወቀ።

ልጁ ነቃዩን አግጥሞ ብሎኑን ሲያጠብቅ እኅቴ ቡና ይዛ መጥታ በደጅ ቆማ ነበር። መጋጠሚያው ጮኾ ሲላቀቅ ደንግጣ «ተሰበረ?» አለች። «ወጣ እንጂ አልተሰበረም» አላት። ጎንበስ ብላ ቀዳዳውን አየችና ብልት እንደምታይ አድርጋ ጣቷን በከንፈሩ ዙሪያ አዞረች፤ ምንም ጭረት አልነበረበትም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት የሚሻ ነው። ቴስቲናው በዘንጉ ጥርስ ላይ የሚዞር ስለ ሆነ፥ አሮጌው ስንት ዙር ዞሮ እንደ ወጣ ተቈጥሮ አዲሱም በዚያው ዙር መግባት አለበት፤ የዘንጉ ርዝመት በጥቂት ቢለወጥ ሁለቱ የፊት ጎማዎች አንዱ ወደ ሌላው እየተመለከቱ ወይም እየተሸሹ ይሄዳሉ፤ ጎማቸውም ሳይታወቅ እንደ ሞረድ ይበላል። ልጁ 19 ዙር ቈጥሮ በግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፈው። በመጠምዘዣ ጊዜም ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል አይዞሩም፤ በውስጥ በኩል ያለው ይበልጥ ይዞራል። ይህን ያሰበው ላንከንስፐርገር የሚባል የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ ነው፤ በ1818 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አከርማን የሚባል ሰው በሎንዶን በስሙ አስመዘገበውና ስሙ ለተመዘገበው ሰው ቀረ። ሠሪው ተረስቶ ወኪሉ የታወሰበት ይህ አንድ ነገር ብቻ አይደለም።

ዳዶው በልክ መፍቻው ከተጠበቀ በኋላ የመቆለፊያው ቀዳዳ ከዳዶው ስንጥቅ ጋር አልገጠመም። በዚህ ጊዜ ሰነፍ ሰው ዳዶውን ጥቂት መልሶ ይፈታዋል። ልጁ ግን ወደሚቀጥለው ስንጥቅ ጨምሮ አጠበቀውና አዲስ መቆለፊያ አግብቶ ጫፉን አጠፈ። አሮጌውን መቆለፊያ ከመሬት አንሥቼ ተመለከትሁት፤ ያ በ1987 ዓ.ም. የታጠፈ ሚስማር ትዝ አለኝ። የጎማዎቹን አቅጣጫ በገመድ ለክተን አየን፤ ቢሆንም ባለቤቱ በማግሥቱ በጎንደር በማስተካከያ መሣሪያ እንዲያስመረምረው ልጁ ነገረው። የኋላ ባሌስትራውን ከመኪናው አክስል ጋር አቅፎ የሚይዘው ስታፋም ስለ ላላ በአዲስ ተለወጠ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናውን ለመሞከር ወደ ጎርጎራ ወረድን። ባለቤቱ ባዶውን መሄድ ኪሳራ ነው ብሎ ሰው ጫነ። መንገዱ ከሜዳው ወደ ባሕሩ ሲጠጋ አየሩ ይለወጣል፤ የዓሣና የእርጥብ ሣር ሽታ ይመጣል፤ በድንገትም ጣና ከዛፎቹ በስተ ኋላ እንደ ሰማይ ቍራጭ ይታያል። የጥንቷ ደብረ ሲና ማርያም በሣር ክዳኗ በዚያ ትገኛለች፤ ዐፄ ሱስንዮስ ያሠሩት ግንብ ፍርስራሽም ራቅ ብሎ በባሕሩ ዳር አለ። ይህን ሁሉ ለማየት ብዙ ጊዜ አልነበረንም። መኪናው እንደ ቆመ ልጁ ልክ መፍቻውን ይዞ ከኋላ ጎማ አጠገብ ተንበረከከ፤ አዲስ ስታፋ ከጥቂት መንገድ በኋላ ባሌስትራው ሲደላደል መልሶ መጠበቅ ይፈልጋልና። አንድ መንገደኛ «ተሠርቶ የመጣ መኪና እንደገና ምን ያስፈታዋል?» ብሎ አጕረመረመ። ልጁ ቀና ሳይል «የምፈታው አይደለም አባቴ፥ የማጠብቀው ነው» አለው። ከአራቱ ዳዶዎች ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ተከተሉት፤ ሁለቱ አልተነቃነቁም።

የጎሚኒ መግፊያው ከሽምብራው ሽያጭ በየካቲት መጨረሻ ተገዛ። የሞላ መጨመቂያው ግን በዓመቱም አልተገዛም ነበር። እኅቴ እንደ ነገረችኝ፥ አንድ ሰው ከጎንደር የመጣች ትንሽ የቤት መኪና ይዞ ቀርቦ ሞላዋን እንዲለውጥለት ልጁን ብዙ ለምኖት ነበር፤ ከተለመደውም ዋጋ እጥፍ እሰጣለሁ ብሎት ነበር። ልጁ መጨመቂያ የለኝም ብሎ ወደ ጎንደር ሰደደው። ሰውዬው ተቈጥቶ «ታዲያ ምኑን ጋራዥ ተባለ!» እያለ ሄደ።